ማሪሶል ውስጥ ባሕርም ፀሐይም የለም

ሰሞኑን ለሴት ልጅ የሚሆኑ የስፓኒሽ ስሞችን የሚዘረዝር አንድ ጽሑፍ በየስልኩ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። ከላኪዎቹ አንዷ ነፍሰ ጡር ጓደኛዬ ናት። «ማሪሶል ልላት ነው፤ ትርጉሙ አያምርም?» የሚል መልእክት ጨምራበታለች።

ጸሐፊዋ ያለችው ባጭሩ ይህን ነው። ማሪሶል ማለት «ባሕርና ፀሐይ» ነው። ማሪቤል «ውብ ባሕር» ነው። ስሞቹን ያወጧቸው የሜክሲኮ ጥንታዊ ሕዝቦች ናቸው። ስፓኒሽ ተናጋሪ ሴት ሁለት ስም ካላት ሁለተኛው እንደኛው የአባቷ ስም ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ምክር አለ፦ እንደ «ሶሌዳድ» ያሉ ሐዘን የተጫናቸውን ስሞች ትታችሁ እንደ ማሪሶል ያለ ብሩህ ስም ምረጡ።

እዚህች ምክር ላይ ስደርስ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ። ማሪሶልና ሶሌዳድ እኮ አንድ ስም ናቸው። «ቡና አትጠጡ፣ ማኪያቶ ይሻላችኋል» እንደማለት ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስሠራ አንሶላ አብራኝ የምታጥፍ የኦሃካ ሴት ነበረች። ኦሃካ በደቡብ ሜክሲኮ ያለ ግዛት ነው። ሁላችንም ማሪሶል እንላታለን። ደረቷ ላይ የተሰካው ባጅ ግን «ማሪያ» ይላል። ባጃቸው ማሪያ የሚል አራት ሴቶች ነበሩ። አለቃችን «ማሪያ!» ሲል አራቱም ቀና ይላሉ፤ ከዚያ አራቱም መልሰው ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጠየቅኳት። አንሶላ የምንቆጥርበትን ወረቀት ገለበጠችና ሙሉ ስሟን በትልልቁ ጻፈችልኝ፦ ማሪያ ዴ ላ ሶሌዳድ። በአንድ አውራ ጣቷ ከ«ማሪ» በኋላ ያለውን እስከ «ዴ ላ» ድረስ ሸፈነች። በሌላው አውራ ጣቷ የስሙን ጅራት ሸፈነች። በጣቶቿ መሃል የቀረው «ማሪ» እና «ሶል» ብቻ ሆነ። «አየሽ?» አለችኝና ሳንድዊቿን መብላት ቀጠለች።

አለቀ። ባሕር የለም፤ ፀሐይም የለም።

«ሶሌዳድ» በስፓኒሽ ብቸኝነት ነው። ሥሩ ብቻውን የሆነ የሚል ትርጉም ያለው የላቲኑ «ሶሉስ» ነው። ፀሐይ የሚባለው «ሶል» ከሌላ የላቲን ቃል የመጣ ነው። ድምፃቸው ተገጣጠመ እንጂ ዘመድ አይደሉም። ገና የምንለው በዓልና «ገና ነው» የምንለው ቃል በፊደል አንድ ሆነው ምንም እንደማይገናኙት ማለት ነው። እንደ ጸሐፊዋ አከፋፈል ከሄድንማ ሶሌዳድ ራሱ «ፀሐይና ዕድሜ» ሊሆን ነው። «ኤዳድ» በስፓኒሽ ዕድሜ ነዋ!

«ማሪ» ደግሞ ማሪያ ከሌላ ስም ጋር ስትጣመር የምትይዘው አጭር መልክ ነው። ስፔኖች በዚህ መንገድ የሠሯቸው ስሞች ብዙ ናቸው። ማሪካርመን፣ ማሪሉስ፣ ማሪክሩስ፣ ማሪፓስ። ጸሐፊዋ እንደምትለው «ማሪ» ማለት «ባሕርና» ከሆነ ማሪክሩስ «ባሕርና መስቀል»፣ ማሪፓስ «ባሕርና ሰላም» ሊባሉ ነው። ይህም ይሁን እንበል። ማሪማር የምትባለዋንስ ምን ልናደርጋት ነው? «ማር» ባሕር ነው። ስለዚህ ልጅቷ «ባሕርና ባሕር» ሆነች ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ማሪማር ሙሉ ስሟ ማሪያ ዴል ማር ነው፤ የባሕሯ ማርያም። በደቡብ ስፔን የአልሜሪያ ከተማ ጠባቂ የምትባለው እሷ ናት። ሥዕለ ቅርጿ በ1502 (ቀኖቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) በባሕር ዳርቻ ላይ ተገኘች ይላሉ። ባሕር ያለበት ስም የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ይኸውላችሁ፤ እዚህ አለ።

ጸሐፊዋን ግን ከዜሮ ፈጠረች ብዬ አልከሳትም። ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ራሳቸው ማሪሶልን «ማር ኢ ሶል» ብለው ይሰሙታል። «ኢ» በቋንቋቸው «እና» ነው። ቶሎ ሲሉት ልዩነት የለውም፤ አንድ ዓይነት ነው የሚሰማው። ለዚህ አሰማም አገርና ዘመን አግዘውታል። በ1948 ማላጋ ውስጥ የተወለደች ሆሴፋ ፍሎሬስ የምትባል ልጅ በ1960 ማሪሶል በሚል የመድረክ ስም ፊልም ላይ ብቅ አለች። ወርቃማ ጸጉር፣ ዘፈን፣ ጭፈራ። ስፔን ውስጥ የማያውቃት ቤት ጠፋ። ማላጋ ደግሞ «የፀሐይ ዳርቻ» በሚባለው ጠረፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ያኔ የሰሜን አውሮፓ ቱሪስት ፀሐይ ሊሞቅ ወደዚያ መጉረፍ የጀመረበት ጊዜ ነበር። በ1970 ደግሞ ማሪሶል ማላሬት የሚስ ዩኒቨርስን ዘውድ ደፋች፤ ለፖርቶ ሪኮ የመጀመሪያዋ ነበረች። ደሴት፣ ባሕር፣ ፀሐይ። ከዚህ በኋላ ሰው ስሙን ሲሰማ ብቸኝነት ትዝ ባይለው አይፈረድበትም።

ለፀሐይም ድርሻዋን ልስጣት። «ሶል» ለብቻው የሴት ስም ሆኖ ከጥንት ጀምሮ አለ። ስለ ስፔኑ ጦረኛ ኤል ሲድ በመካከለኛው ዘመን የተጻፈው ግጥም ሴቶች ልጆቹን ዶኛ ኤልቪራና ዶኛ ሶል ይላቸዋል («ዶኛ» እንደኛ ወይዘሮ ነው)። በእውነተኛው ታሪክ ግን የልጆቹ ስም ክሪስቲናና ማሪያ ነበር። በ1930 ፓሪስ ውስጥ ከቬኔዝዌላዊ ወላጆች የተወለደችው ቀራጺ ማሪሶል ኤስኮባርም የወጣላት ስም ማሪያ ሶል ነው። ስለዚህ «ሶል»ን ፀሐይ ብለው ያወጡ ወላጆች የሉም አልልም። አሉ። የምለው ስሙ የተቆረጠበት ግንድ ሶሌዳድ ነው፤ ፀሐይዋ በኋላ የወጣችበት ናት።

እኛም ከዚህ ዓይነቱ ነገር የራቅን አይደለንም። የኛ ሊቃውንት «ማርያም»ን ሲተረጉሙ «ማር» እና «ያም» ብለው ይከፍሉታል። ማር የዚህ ዓለም ጣፋጭ ነው፤ ያም ደግሞ በገነት ያሉ ጻድቃን የሚመገቡት ነው ይላሉ። ቅኔ ነው። የሰማ ሁሉ ይወደዋል። ሊቃውንቱ ግን ይህን ሲሉ የዕብራይስጡን ሥር እየቆፈሩ አይደለም፤ እያመሰገኑ ነው።

የምዕራቡ ክርስቲያንም በዚያው ስም ላይ ሌላ ጨዋታ ተጫውቷል። በዕብራይስጥ «ማር» ጠብታ፣ «ያም» ባሕር ነው። ከዚያ ተነስተው በላቲን «ስቲላ ማሪስ» አሉ፤ የባሕር ጠብታ። ጽሑፉ በእጅ እየተገለበጠ ሲሄድ አንዲት ፊደል ተለወጠችና «ስቴላ ማሪስ» ሆነ፤ የባሕር ኮከብ። መርከበኞች እስከ ዛሬ እመቤታችንን የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። አንድ ፊደል የሳተ ገልባጭ ስንት መርከብ እንደባረከ አስቡት። እና ጸሐፊዋ «ማሪሶል ውስጥ ባሕር አለ» ለማለት ከፈለገች የሚያዋጣት መንገድ ይህ ነበር። እሷ ግን በዚህ በኩል አልመጣችም።

ወደ ብቸኝነቱ ልመለስ። ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። ጸሐፊዋ የዘለለችውም ይህንኑ ነው።

ይህ ብቸኝነት የማንም ብቸኝነት አይደለም። የአንድ ቀን ተኩል ብቸኝነት ነው። ክርስቶስ ዓርብ ተቀብሯል፤ ገና አልተነሣም። እናቱ ብቻዋን ናት። እኛ ቀዳም ስዑር የምንለው ቀን ነው። እኛ በዚያ ቀን ቄጤማ ራሳችን ላይ እናስራለን። ስፔኖች ደግሞ ጥቁር የለበሰች የእመቤታችንን ሥዕለ ቅርጽ ተሸክመው በየመንገዱ ይዞራሉ። «ላ ሶሌዳድ» የሚሏት እሷን ነው። በሴቪያ ከተማ የሳን ሎሬንሶዋ ሶሌዳድ የምትወጣው ልክ በዚያች ቅዳሜ ነው።

አለባበሷም የራሱ ታሪክ አለው። የስፔኑ ንጉሥ የዳግማዊ ፊሊፕ ሦስተኛ ሚስት ኢዛቤል ዴ ቫሎዋ ፈረንሳዊት ነበረች። ከአገሯ ያመጣቻት ያዘነች እመቤት ሥዕል ነበረቻት። ማድሪድ ያሉ መነኮሳት ሥዕሏን ሲያዩ እኛም እንደሷ ያለ ቅርጽ ይሠራልን አሉ። ሥራው ለቀራጺው ጋስፓር ቤሴራ ተሰጠ። ትውፊቱ እንደሚለው ሁለት ጊዜ ሠርቶ ሁለቱም አልተወደዱለትም። ተስፋ ቆርጦ ሳለ ምድጃው ውስጥ ከሚነደው ግንድ እንዲሠራት በሕልሙ ተነገረው። ግንዱን ከእሳት አወጣ፤ ቀረጸው። ይህ በ1565 ነው።

እንግዲህ ምን እናልብሳት የሚል ጥያቄ መጣ። የንግሥቲቱ ባለሟል የነበረችው የኡሬኛ ባላባት ሚስት ባሏ ሞቶባት ነበር። የራሷን የሐዘን ልብስ ሰጠች። ነጭ መጠምጠሚያ፣ ጥቁር ካባ። ያኔ የስፔን መበለት የምትለብሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ሶሌዳድን በብዙ ቦታ የአንዲት የማድሪድ መበለት ልብስ ለብሳ ታገኟታላችሁ። የቤሴራ ሥራ ራሷ በ1936 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ተቃጥላለች። ከእሳት የወጣች እሳት በላት።

አንድ የምወዳት ነገር አለች። የነዚያ መነኮሳት ገዳም የነበረው የት መሰላችሁ? ፑዌርታ ዴል ሶል ጎን። የማድሪድ እምብርት ነው፤ ትርጉሙ «የፀሐይ በር»። ሶሌዳድ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ጥቁር ለብሳ የተቀመጠችው የፀሐይ በር ላይ ነበር። ጸሐፊዋ ይህን ብታውቅ ኖሮ እኔን በደንብ ታሸንፈኝ ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ ግን ማድሪድን አታውቅም። የእሷ ሶሌዳድ የኦሃካዋ ናት። ቦርሳዋ ውስጥ ጠርዙ የተላጠ ትንሽ ሥዕል ነበራት። ሰው አይመስልም መጀመሪያ ሲያዩት። ጥቁር ሦስት ማዕዘን ነው፤ ከላዩ ዘውድ፣ መሃሉ ላይ ነጭ ፊትና የተጣመሩ እጆች። ልብሱ ከፋይ ነው፤ በወርቅ ክር ተጠልፏል። ታሪኩን የነገረችኝ አንሶላ እያጠፍን ነው። አንድ ነጋዴ በቅሎዎቹን እየነዳ ሲሄድ አንድ የማያውቃት በቅሎ ተቀላቅላ አገኘ። ኦሃካ ስትደርስ በቅሎዋ ወደቀች፤ አልነሣ አለች። የተጫነችውን ሳጥን ሲያወርዱላት ተነሣች፤ ወዲያው ግን ሞተች። ሳጥኑ ሲከፈት የሶሌዳድ ፊትና እጆች ተገኙ። በዚያ ቦታ ላይ ከ1682 እስከ 1690 ባለው ጊዜ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። በዓሏ ታኅሣሥ ወር ላይ ነው፤ በነሱ ዲሴምበር 18። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አይስክሬም የሚሸጥበት አደባባይ አለ። «ከቅዳሴ በኋላ እናቴ የምትገዛልኝ» ብላ ስትነግረኝ ያቺ ጥቁር ለባሽ እመቤት ለሷ የሐዘን ሥዕል ብቻ እንዳልሆነች ገባኝ።

ስለዚህ «ሐዘን የተጫነው ስም» የሚለው ነገር ከመሠረቱ ስቷል። ስፔኖች ሶሌዳድ ብለው ሲያወጡ ለልጃቸው ብቸኝነትን እየተመኙ አይደለም። የእመቤታችንን አንድ ስም እየሰጧት ነው። በዚሁ መንገድ የወጡትን ተመልከቱ። ዶሎሬስ ሕመሞች ማለት ነው። አንጉስቲያስ ጭንቀቶች። ረሜዲዮስ መድኃኒቶች። ኮንሱዌሎ መጽናናት። ሁሉም ከፊታቸው «ማሪያ ዴ» አለ፤ ተጻፈም አልተጻፈም። አንዲት ዶሎሬስ ደግሞ ቤት ውስጥ ሎላ ናት፤ ሎላ ብሎ የሚጠራት ሰው ስለ ሕመም አያስብም። ሶሌዳድም ሶሌ ትባላለች፤ ሜክሲኮ ውስጥ ቾሌ።

እኛስ? ማስረሻ የሚባል ሰው አታውቁም? ምትኬ የምትባልስ? እነዚህ ስሞች ከበስተኋላቸው ብዙ ጊዜ የሞተ ልጅ ወይም የሞተ ዘመድ አለ። ማንም ግን ማስረሻን ባየ ቁጥር አያለቅስም። ስም ሲለመድ ሰውየውን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ስለ ማሪቤል ብዙ አልልም። ማሪያ ኢሳቤል ነው፤ ሁለቱ ተሰፍተው ነው ማሪቤል የሆነው። «ቤል» ቆንጆ ማለት አይደለም፤ የኢሳቤል ጅራት ነው። ኢሳቤል ደግሞ የኛዋ ኤልሳቤጥ ናት። ስለዚህ በአንድ ስም ውስጥ ማርያምና ኤልሳቤጥ ተገናኝተዋል፤ ልክ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ማርያም ወደ ተራራማው አገር ሄዳ እንደተገናኙት። እውነቱን ለመናገር ይህ ከ«ውብ ባሕር» ይበልጥ ያምራል።

ከሜክሲኮ ጥንታዊ ሕዝቦች መጣ የተባለውም አያስኬድም። ማሪያ ከዕብራይስጥ ነው፤ ሶሌዳድ ከላቲን። ሁለቱም ሜክሲኮ የገቡት ከስፔኖች ጋር ነው፤ የአዝቴኮች ዋና ከተማ በ1521 ከወደቀች በኋላ። የአዝቴኮችን ቋንቋ የናዋትልን ስም የምትፈልጉ ከሆነ ሶቺትል አለላችሁ፤ አበባ። ሲትላሊም አለች፤ ኮከብ። ሁለቱም ዛሬም የሚወጡ ስሞች ናቸው።

«ሁለተኛው የአባት ስም ነው» የሚለው ግን ጉዳት ስላለው ትንሽ ልቆይበት። ማሪያ ሆሴ የምትባል ሴት ብታገኙ አባቷ ሆሴ ላይሆን ይችላል። ሆሴ ዮሴፍ ነው፤ የራሷ ስም ክፋይ ነው። ገልብጣችሁ ሆሴ ማሪያ ካላችሁ ደግሞ ወንድ ነው። ከ1996 እስከ 2004 የስፔን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረውን ሆሴ ማሪያ አስናር ሎፔስን አስታውሱ። ወንድ ወይስ ሴት የሚለውን የሚወስነው የፊተኛው ነው። የአባት የቤተሰብ ስም ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ አስናር። የእናትም ይከተላል፤ ሎፔስ። እናት ከወረቀት ላይ አትጠፋም። ይህን ነገራቸውን እቀናበታለሁ።

ስፔን ውስጥ ማሪያን እስከ መጨረሻው ለመጻፍም ብዙ ጊዜ አይደክሙም። «ኤም» ይጽፉና አናቷ ላይ ትንሽ «ኤ» ይሰቅላሉ። ስሟ እንደ አየር ነው፤ አለ ተብሎ ይታለፋል። አሜሪካ ስትገቡ ግን ፎርሙ የሚይዘው ያንን አየር ነው። የሚጠሩባት ሶሌዳድ ሚድል ኔም ተብላ ትጣላለች። አራቱ ማሪያዎች የተፈጠሩት እንዲህ ነው። እኛም ቤት ይህ አለ። አጎቴ የአባቱ ስም ኃይለ ማርያም ነው። ለሁለት ተከፍሎ ተጻፈበትና አንድ ክሊኒክ ውስጥ «ሚስተር ማሪያም» እየተባለ ሲጠራ ሌላ ሰው መስሎት አርባ ደቂቃ ቁጭ ብሏል።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ስነግራት «እና ልተወው?» አለችኝ። አትተዪው አልኳት። ስሙ ያምራል። ፎርሙ ላይ በአንድ ቃል ጻፊው፤ ክፍተት እንዳይኖረው። ልጅቷ አድጋ «ባሕርና ፀሐይ ነኝ» ብትልም ማንም አይቀየማትም፤ ማላጋ ውስጥም እንደዚያ ይላሉ። እናትሽ ከአዲስ አበባ ደውለው «ምን ማለት ነው ይሄ ማሪሶል የምትሉት?» ሲሉሽ ግን ስለ ባሕር እንዳታወሪ። «የእመቤታችን ስም ነው፣ እማዬ» በያቸው፤ ወዲያው እልል ይሉልሻል።